ክቡ ወንዙን አያውቅም፦ በጎጃም የውሃ ሽፋን ስንለካ በፈር ይበቃል ወይ?

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ስለ በፈር ነው፤ ካርታ ላይ በአንድ ነገር ዙሪያ እስከተወሰነ ርቀት ድረስ ስለሚከበበው ቦታ ማለቴ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ከጮቄ ተራራ ሥር ካሉት የምሥራቅ ጎጃም ወረዳዎች ለአንዱ የንጹሕ ውሃ ሽፋን ካርታ እየሠራሁ ነበር። በእጄ ያለው ዳታ ቀላል ነው። የእጅ ፓምፑ፣ ቦኖውና የጎለበተው ምንጭ በነጥብ። ጎጦቹም በነጥብ። ወንዙና መንገዱ በመስመር። ቀበሌው በፖሊጎን፣ ማለትም በተዘጋ ቅርጽ። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ (ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም.) የገጠር ሰው በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ በቀን 25 ሊትር እንዲያገኝ ተቀምጦ ነበር። ከዚያ በፊት የነበረው መለኪያ 15 ሊትር በ1.5 ኪሎ ሜትር ነበር። እኔም በየውሃ ተቋሙ ዙሪያ የ1 ኪሎ ሜትር በፈር ሠራሁ። ክቦቹን በዲዞልቭ አዋሃድኳቸው። ውስጣቸው የገቡትን ጎጦች መረጥኩ። አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም።

ካርታውን ይዤ ሄጄ ሳሳይ ከውሃ ኮሚቴው አባላት አንዷ፣ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ ሴት፣ ጣታቸውን አንድ ጎጥ ላይ አሳረፉ። በእኔ ካርታ ያ ጎጥ ሰማያዊ ነው፤ ውሃ ያገኛል ማለት ነው። እሳቸው ግን የዚያ ጎጥ ሰው ክረምቱን ሙሉ ወደ ፓምፑ መሻገር እንደማይችልና ከደፈረሰው ጅረት እየቀዳ እንደሚጠጣ ነገሩኝ። ካርታው ላይ ከጎጡ እስከ ፓምፑ 700 ሜትር ነው። መሃል ላይ ግን ገደል አለ፣ ከገደሉ ሥር ወንዝ አለ።

ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ያ ጎጥ ሽፋን አለው ተብሎ ሪፖርት ከገባ ለሚቀጥለው ዓመት ፓምፕ ተራ አይደርሰውም። ስለዚህ አቋሜ ይህ ነው፦ እንደ ጎጃም በወንዝ በተቆራረጠ አገር ክብ በፈር ለሽፋን መለኪያ መዋል የለበትም። ተሳስቼ ከሆነ አርሙኝ። ካልተሳሳትኩ ደግሞ ነጥብ፣ መስመርና ፖሊጎን ብቻ ይዤ ምን ልሥራ?

(ክሩ፣ ማለትም ውይይቱ፣ ስለረዘመ አሁን ለምትመጡ መልሶቹን በቁጥራቸው አሳጥሬ ከታች አስቀምጫለሁ። ሁሉንም አይደለም፤ ለሥራው የጠቀሙኝንና ያከራከሩንን ነው።)

1ኛው መልስ የመጣው ከባሕር ዳር ነው። ጸሐፊው መምህር ናቸው። በጣም በትሕትና፣ ስለ ወንዙ ከመነጋገራችን በፊት ሌየሮቼ (የካርታዬ ንብርብሮች) በዲግሪ ናቸው ወይስ በሜትር የሚለውን ጠየቁኝ። ብዙ ተማሪ ከጂፒኤስ የመጣውን ነጥብ እንዳለ ከፍቶ በፈር እንደሚሠራና የዲግሪውን ነገር እንደሚረሳው ጻፉ። በእኛ አካባቢ አንድ ዲግሪ ወደ 110 ኪሎ ሜትር ነው። ሳጥኑ ውስጥ 1 ብሎ የጻፈ ሰው ኪሎ ሜትር ሲመስለው አንድ ዲግሪ ይሆንበታል። ከደብረ ማርቆስ የተነሣው ክብ ፍኖተ ሰላምን፣ ቢቸናንና ደጀንን ጠቅልሎ ዓባይን ተሻግሮ ሸዋ ይገባል። ይህን ያህል ሲሆን ስህተቱ ይታያል። የሚያስፈራቸው የማይታየው ነው። ለጎጃም ትክክለኛው ዩቲኤም (ቦታን በሜትር የሚያስቀምጠው የካርታ መረብ) ዞን 37 ሰሜን እንደሆነም አስታወሱን። ዞኑ ከ36 እስከ 42 ዲግሪ ምሥራቅ ስለሚይዝ ምሥራቅና ምዕራብ ጎጃምን ሙሉ ለሙሉ ያስገባል፣ ለሁለት አይከፍለንም። የእኔ በሜትር ነበር፣ ተመስገን።

2ኛው በአንድ መስመር የምን ሶፍትዌር እንደምጠቀም ጠየቀ። ኪውጂአይኤስ ነው። ነጻ ስለሆነ ማንም ወረዳ ላይ አውርዶ ሊጭነው ይችላል።

3ኛው ከቀያሽ ነው። የመምህሩ መልስ ትክክል ቢሆንም ጎደሎ እንደሆነ ተናገረ። ዞን 37 ማለት ብቻ አይበቃም፤ ዞን 37 በየትኛው ዴተም፣ ማለትም ልኬቱ በሚነሣበት በየትኛው የምድር ሞዴል? የድሮዎቹ 1:50,000 ካርታዎች በአዲንዳን የተሠሩ ናቸው። ጂፒኤሱ የሚሰጠን ደግሞ ደብሊውጂኤስ 84 ነው። ሁለቱም ዞን 37 ተብለው ይጻፋሉ፣ ሁለቱም በሜትር ናቸው፣ ቁጥሮቹም ይመሳሰላሉ። ሳይቀይሩ ቢደራርቧቸው ግን 200 ሜትር ገደማ ይለያያሉ። ይሄ ሰው ወንዙን ከድሮ ካርታ ላይ ገልብጦ ነጥቡን ከጂፒኤስ አምጥቶ ሲደርባቸው፣ እግሩ ቆሞ የለካው ምንጭ ከወንዙ ማዶ ሆኖ ተገኘበት። ሁለት ቀን ጂፒኤሱን ሲጠራጠር ከረመ። እኔም ወዲያው የወንዝ ሌየሬን መነሻ ሄጄ አየሁ። ይህን ባላረጋግጥ ኖሮ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በአሸዋ ላይ ይቆም ነበር።

እስከዚህ ድረስ ውይይቱ የጨዋ ነበር። 4ኛው መልስ ግን ጠንከር አለ። በፈርን መክሰሴ አላስደሰተውም። በፈር የታዘዘውን እንደሚሠራ፣ የተጠየቀው ከነጥቡ በቀጥታ 1 ኪሎ ሜትር ውስጥ ያለውን ቦታ እንዲያሳይ ብቻ እንደሆነና ያንንም በትክክል እንዳሳየ ጻፈ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በመንገድ የሚሄድን ሰው በወፍ ርቀት ለካሁት። ከዚያ አልፎ፣ ወንዙን ሳያዩ ስለ ወንዝ ማዶ የሚወስኑ ባለሙያዎች አገሩን እንደጎዱት ጨመረ።

5ኛው የእኔ መልስ ነው። መጀመሪያ ተናድጄ ነበር፣ አልዋሽም። ቆይቼ ሳነበው ግን ስለ ጥያቄው ያለው እውነት ነው። በዚያ ሥራ የሄድኩት መኪና እስከሚደርስበት ድረስ ነበር፣ ይህንንም ጻፍኩለት። ስለዚህ አቋሜን አስተካከልኩ። በፈር ይቅር አልልም። በፈር ብቻውን ሽፋን ተብሎ አይጠራ ነው የምለው። ከፓምፕ አጠገብ መጸዳጃ ቤት እንዳይቆፈር ስንጠብቅ፣ ወይም ከወንዝ ዳር ምን ያህል ተትቶ ይታረስ ስንል ክቡና ቀበቶው ልክ ናቸው። እዚያ የሚለካው መሬቱ ራሱ ነው። የሰው እርምጃ ሲሆን ነው የሚበላሸው።

6ኛውን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። የጻፈችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የነበረች እህታችን ናት። ካርታ እንደማታውቅ ነግራን፣ ግን ውሃ ቀድታ ያደገች መሆኗን ጻፈች። ከዚያ ቁጥሩን ዘረዘረችው። አምስት ሰው ያለበት ቤት በቀን 25 ሊትር በነፍስ ወከፍ ካለ 125 ሊትር ነው። 20 ሊትር የሚይዝ ጄሪካን ስድስቱ ሞልቶ ሰባተኛው ይጀመራል። ሞልቶ ሲታዘል 20 ኪሎ ነው። 1 ኪሎ ሜትር ሄዶ ለመመለስ 2 ኪሎ ሜትር፣ ሰባት ምልልስ 14 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ይህ በሜዳ ነው፣ ያውም ወረፋው ሳይቆጠር። እሷ ባደገችበት ምንጩ ከታች ነው፣ ቤቱ ከላይ። ባዶውን ይዘሽ ትወርጃለሽ፣ ሞልተሽ ትወጫለሽ። ክቡ ይህን አያውቅም ማለቷ ነው። እኔ ከዚህ በኋላ የጻፍኩት ሁሉ ከዚህ መልስ የተነሣ ነው።

7ኛው ወደ ሥራው መለሰን። ክቡን በወንዙ መስመር መቁረጥና የውሃ ተቋሙ ያለበትን ቁራጭ ብቻ ማስቀረት ነው ሐሳቡ። ቀላል ይመስላል፣ ግን ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። እኔ ያደረግኩትን ዲዞልቭ መጀመሪያ ማድረግ አይቻልም፤ ክቦቹ ከተዋሃዱ የትኛው የየትኛው ፓምፕ እንደሆነ መለያው ይጠፋል። እያንዳንዱ ክብ የፓምፑን መለያ ቁጥር ይዞ ለብቻው ይቁም። በስፕሊት ዊዝ ላይንስ በወንዙ ይቆረጥ። ከዚያ በስፓሻል ጆይን እያንዳንዱ ቁራጭ ውስጥ የትኛው ፓምፕ እንዳለ ይጠየቅ። የቁራጩ ቁጥርና ውስጡ ያለው የፓምፕ ቁጥር አንድ ከሆነ ይቆያል፣ ካልሆነ ይጣላል። ዲዞልቭ መጨረሻ ላይ ነው። ቁጥሩን ማመሳከር ለምን አስፈለገ ብትሉ፣ ወንዝ ማዶ ሌላ ፓምፕ ሊኖር ይችላል፤ ያኔ የዚህኛው ክብ ቁራጭ በዚያኛው ፓምፕ ስም በስህተት ይቀራል።

ደስ ያለኝ አንድ ነገር አለ። የወንዙ መስመር ክቡ ውስጥ ከጀመረ፣ ማለትም ምንጩ እዚያው ከሆነ፣ ክቡ አይቆረጥም። መስመሩ ከዳር እስከ ዳር ማለፍ አለበት። ይህ ደግሞ ከመሬቱ ጋር ይስማማል፤ ከወንዙ ራስ በላይ ዞሮ መሄድ ይቻላልና።

8ኛው ወዲያው ተቃወመ። ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ሱሃ፣ ተምጫ ሁሉም ከጮቄ ይወርዳሉ፣ ገባሮቻቸውን ሁሉ መስመር አድርጎ ከቆረጠ ክቡ ተበጣጥሶ ያልቃል። ልጅ እየዘለለ የሚሻገረው ጅረትና በክረምት በሬ የሚወስደው ወንዝ ካርታው ላይ ቀለማቸው አንድ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ለወንዙ ሌየር በክረምት ይሻገራሉ ወይ የሚል ዓምድ መጨመር አለበት፣ የሚሞላውም ከነዋሪው ተጠይቆ ነው። 7ኛው ተስማማ። ድልድይ ያለበት ቦታ ላይስ ለሚለውም መፍትሔ አመጣ፦ ድልድዩ ዙሪያ ትንሽ በፈር ሠርቶ በዲፈረንስ ከወንዙ መስመር ላይ መቀነስ። መስመሩ ይበጠሳል፣ ክቡ አይቆረጥም።

እዚህ ጋ 4ኛው ተመልሶ መጣ፣ በ9ኛው። አሁንም ኮስተር ብሎ ነው፣ ግን በደንብ አስቦበት። ድልድዩ 900 ሜትር ሽቅብ ቢርቅስ? መስመሩ ተበጠሰ ማለት ክቡ ሙሉ ሆነ ማለት ነው፤ ሰውየው ግን ወደ ድልድዩ ወጥቶ፣ ተሻግሮ፣ በማዶ ወርዶ ነው የሚሄደው። 700 ሜትሩ ወደ 2 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ስለዚህ ወንዙን መቁረጥ ግማሽ መንገድ ነው። የሚያስፈልገው የእግር መንገዱን በመስመር ስሎ በመንገዱ ላይ መለካት ነው። ይሄ ሙሉ በሙሉ የቬክተር፣ ማለትም የነጥብ፣ የመስመርና የፖሊጎን ሥራ ነው፣ ሳተላይት ምስል ላይ የእግር መንገዱ ነጭ ክር መስሎ ስለሚታይ መሣል ይቻላል። ችግሩ ድካሙ ነው። ሁለት መንገዶች የሚገናኙበት ቦታ ላይ መስመሮቹ በ2 ሜትር እንኳ ሳይነካኩ ከቀሩ ለኮምፒውተሩ መንገድ የለም፣ አገር ሙሉ ተቋርጧል።

10ኛውና 11ኛው ራስተር (መሬቱን በትንንሽ ካሬዎች ከፋፍሎ የሚይዘው ዘዴ) ነው የሚሻለው፣ አይደለም በሚል ተጨቃጨቁ። አልፈዋለሁ። ከጭቅጭቁ መሃል የወጣው ጠቃሚ ነገር የጂኦግራፊ ባለሙያው የዋልዶ ቶብለር የእርምጃ ቀመር ነው፣ በ1993 እ.ኤ.አ. ያወጣው። ሜዳ ላይ ሰው በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። በ100 ሜትር 30 ሜትር የሚወጣ ዳገት ላይ 1.8 ገደማ ይሆናል። 1 ኪሎ ሜትር በሜዳ 12 ደቂቃ ከሆነ በዚያ ዳገት ከግማሽ ሰዓት በላይ ነው። እያንዳንዱን የመንገድ መስመር ቆራርጦ የሁለቱን ጫፍ ከፍታ ማስገባትና ደቂቃውን በዓምድ ማስላት ይቻላል። ለመውረጃ አንድ፣ ለመውጫ ሌላ። ቀመሩ ግን 20 ኪሎ የታዘለበትን አይቆጥርም። እህታችን 6ኛዋ ይህን ስታነብ በ12ኛው ተመልሳ እርጉዝ ሴት መሆንንም እንደማይቆጥር አስታወሰችን። ማንም አልተከራከራትም።

ከዚያ ክሩ ትንሽ ዞር አለ። 13ኛው መሬት አስተዳደር ላይ የሠራ ሰው ነው። የእኛን ወንዝ ትቶ ስለ ቀጫጭን ቁራጮች አነሣ፣ ስሊቨር ስለሚባሉት። አንድን ድንበር ሁለት ሰው ለየብቻው ሲሥለው ሁለቱ መስመሮች መቼም አይገጥሙም። ሁለቱን ቀበሌዎች በዩኒየን ስትደርባቸው በመሃል እንደ ክር የቀጠኑ ፖሊጎኖች ይፈለፈላሉ። ብዙ ባለሙያ ስፋታቸው ትንሽ የሆኑትን መርጦ ያጠፋቸዋል። እሱ ግን አጥብቆ ለመነን፣ የይዞታ ካርታ ላይ ዝም ብላችሁ አታጥፉ። 1 ሜትር ስፋት በ100 ሜትር ርዝመት 100 ካሬ ሜትር ነው። ቃዳ ሩብ ሄክታር፣ 2,500 ካሬ ሜትር ነው። የአንድ ገበሬ ቃዳ ሃያ አምስተኛ ማለት ነው። እሷን ቁራጭ ለማን እንደሰጠሃት ሳታውቅ ወንድማማች ታጣላለህ። በጎጃም ስለ ወሰን ድንጋይ የሚያውቅ ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም። ድንበሩ አንድ ጊዜ ይሣል፣ ሁለቱም ቀበሌዎች ያንኑ መስመር ይጋሩ፣ ስናፕ ተደርጎ፣ ማለትም ልክ ተገጣጥሞ።

15ኛው ከዚህ ተነሥቶ እኔ ጭራሽ ያላሰብኩትን ስህተት አሳየኝ። ጎጦችን በነጥብ መቁጠር ትቼ የቀበሌውን ሕዝብ ከበፈሩ ጋር በኢንተርሴክት ላሰላ ነበር። ኢንተርሴክት ፖሊጎኑን ይቆርጣል፣ ዓምዱን ግን እንዳለ ይገለብጣል። ቀበሌው ለሦስት ቢቆረጥ ሦስቱም ቁራጮች ላይ ሙሉው የሕዝብ ቁጥር ይጻፋል፣ ሲደመር ሕዝቡ በሦስት ተባዛ። ስፋቱ እንደገና ይሰላ፣ ቁጥሩም በስፋቱ ድርሻ ይከፋፈል አለን። 16ኛው ደግሞ እሱንም አረመው፣ በጨዋ ቋንቋ። በስፋት ማከፋፈል ሰው በእኩል ተበትኗል ብሎ መገመት ነው። እኛ አገር ቤቱ የሚሠራው አምባው ላይ ነው፤ ገደሉ ውስጥ ማን ይኖራል? ገደሉን በዲፈረንስ አስቀድሞ ማውጣት፣ ካልሆነም በነጥብ መቆየት። በነጥብ ቆየሁ።

ከ17 እስከ 20 ያሉት ስለ ድልድይ ሆኑ። አንዱ ከሞጣ በኩል ያለውን ሰባራ ድልድይ አነሣ። ከፋሲለደስ ዘመን ጀምሮ ጎጃምንና በጌምድርን ያገናኝ የነበረው ድልድይ በጣሊያን ጊዜ መሃሉ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ሰው በገመድ እየተሳበ ነበር የሚሻገረው። በኋላ ተጠገነ፣ ጎርፍ መልሶ ወሰደው፣ አሁን ተንጠልጣይ ድልድይ አለ። አያቱ በገመዱ እንደተሻገሩ ጻፈ። ሌላው ስለ ደጀን በረሃና ስለ ዓባይ ድልድይ ቀጠለ። 20ኛው ተቆጣ፤ ጥያቄው ስለ በፈር ነው፣ የታሪክ ጨዋታችሁን ሌላ ቦታ አድርጉ አለ። እኔ ግን አልተስማማሁም፣ በ21ኛው መለስኩለት። የሰባራ ድልድይ ታሪክ የእኔ ጥያቄ ነው። መስመሩ አንድ ነው፣ ቦታው አንድ ነው፣ ግን ያ መስመር በአንዱ ዓመት መንገድ ነው በሌላው አይደለም። ካርታዬ ላይ ድልድይ ብዬ ሣልኩ ማለት ሰው ይሻገራል ማለት አይደለም። መቼ የሚለው ዓምድ ከሌለው ይህም እንደ ክቡ ይዋሻል።

20ኛው ቅር ሳይለው ተቀበለኝ፣ እንዲያውም በ22ኛው አንድ ተግባራዊ ነገር ጨመረ። ዓምዱን በአማርኛ ልሰይም ካልኩ ሼፕፋይል (የካርታ ዳታውን ያስቀመጥኩበት የፋይል ዓይነት) እንደሚከለክለኝ። የዓምድ ስም ከ10 ባይት አያልፍም፤ አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ይወስዳል። ስለዚህ ሦስት ፊደል ብቻ። በጋ ይገባል፣ ክረምት ይቆረጣል። ሞከርኩት፣ ልክ ነው። ወደ ሌላ የፋይል ዓይነት፣ ወደ ጂኦፓኬጅ ቀየርኩና አሁን ሁለቱም ተጽፈዋል።

እስካሁን የደረስኩበትን በ24ኛው ጽፌያለሁ። መጀመሪያ በፈር፣ እንደ ወንፊት፦ ከክቡ ውጭ ያለ ጎጥ በመንገድ ሲለካ አይቀርብምና እሱ ያለ ጥርጥር ውሃ የለውም። ከክቡ ውስጥ ላለው ብቻ በወንዙ መቁረጥ። ቆርጬ ለቀረው የእግር መንገድ መሣል። ይህ ድካሙን በብዙ ይቀንሳል፣ ምክንያቱም መንገድ የምሥለው ለሚያጠራጥሩት ጎጦች ብቻ ነው። በዚህ አካሄድ እናታችን ያሳዩኝ ጎጥ ከሰማያዊ ወጥቶ ቀይ ሆነ። ከእሱ ጋር ሌሎች ሁለት ጎጦችም ወጡ፣ ማንም ያልነገረኝ። 4ኛው ወንድሜ በ25ኛው ኮምፒውተሩን ከማመኔ በፊት እነዚህን ሁለቱን በእግሬ ሄጄ እንዳይ አሳሰበኝ፤ ካስፈለገ አብሮኝ ሊሄድ ፈቃደኛ ነው። ለቅዳሜ ተቀጣጥረናል፣ ከገበያ የሚመለሱትን መንገድ ላይ ለመጠየቅ ያመቸናል።

26ኛው ገና መልስ ይጠብቃል። ከሞጣ አካባቢ ነው፣ ስለ አያቱ የጻፈው ልጅ። በእነሱ ቀበሌ ወጣቱ በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ወንዙ ላይ የባሕር ዛፍ ግንድ ይዘረጋል፣ ሐምሌ ላይ ውሃው ይወስደዋል። ድልድይ ብሎ ይሣለው ወይስ ይተወው ነው ጥያቄው። እኔ እንዲሥለው ነው የነገርኩት፣ ሁለት ዓምድ ጨምሮ፦ የተዘረጋበት ወርና የተወሰደበት ወር። የአምናውን ሐምሌ ከሽማግሌዎቹ ጠይቆ እንደሚጽፍልኝ ነግሮኛል።